ቀድሞ የተሳፈረው

ዕቃ አድራሹ ሞተር ሳይክሉን የገዛበት ድርጅት ጋራዥ «እንደ አዲስ ሆኗል» ብሎ ባስረከበው ማግስት፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ዳግመኛ ቀጥ አለ። እሱም ለመበሳጨት እንኳ አቅም አጥቶ ጎታች መኪና እንዲላክለት ደወለ።

ታርጋውን ሲነግራት ስልክ ያነሳችው ሴት፣ «ጌታዬ፣ ሹፌራችን እኮ ጭኖዎታል» አለችው።

«እህቴ፣ ፀሐይ ላይ ተገትሬያለሁ። ሞተሩም ይኸው እዚሁ ነው።»

ግራ ቢገባት ከሹፌሩ ጋር አገናኘችው።

«ደንበኛው አጠገቤ ነው» አለ ሹፌሩ። «ቤቱ በር ላይ ደርሰናል። ራሱን አነጋግረው።»

ስልኩን የተቀበለው ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ሲናገር ድምፁ የራሱ የዕቃ አድራሹ ድምፅ ነበር።

«ወንድሜ፣ እኔም ደክሞኛል። ዛሬ እንኳ በጊዜ ቤቴ ልግባ።»

ከዚያ ዕቃ አድራሹ የመኪናው በር ሲከፈት፣ የገዛ ሚስቱም «እሰይ! ዛሬስ በጊዜ መጣህልኝ!» ስትል ሰማ።