በሰው ገላ የተለካ ካፖርት

ለደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ዛሬ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ድረስ የተባለ ዓሣ አርቢ በልባሽ ጨርቅ ተራ መሃል እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የበረዶ ካፖርት ለብሶ መቆሙ ተረጋግጧል። ቆቡን ደፍቷል። ዚፑንም እስከ አገጩ ዘግቷል። ሕዝቡ እንዳይደናገጥ በአክብሮት ይገለጻል።

ሕዝቡ ግን አስቀድሞ ተደናግጧል። ባጃጆች ሳይቀሩ ፍጥነት ቀንሰው ያዩታል።

«ዙር እስቲ፣» ይላል ይስማው።

ድረስ ይዞራል። ላቡ በጀርባው ቁልቁል ይወርዳል፣ ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት ነው። ለምን አይሆን? የዓሣ እርባታ ማኅበራቸው ወሬ ፊንላንድ ደርሶ፣ እዚያ ያሉ ዓሣ አጥማጆች «ሁለት ሰው ላኩልን፤ በብርድ በረዶ የሆነ ሐይቅ በስተን እንዴት እንደምናጠምድ ይዩ» ብለው ጠርተዋቸዋል። ጎጃም ውስጥ የሚበሳ ሐይቅ የት እንዳለ የጠየቀ የለም። በልምድ ልውውጥ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው። ጋባዦቹ አጥብቀው ያሳሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሞቅና ውሃ የማያስገባ ልብስ ያዙ።

ይስማው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ እሱ መሄዱ አይቀርም። ድረስ ደግሞ ኩሬውን በአካፋ የቆፈረው ሰው ነው። ይስማው «እኔና አንተ ነን» ካለው ጀምሮ፣ አስፋልት ላይ ሲሄድ እንኳ እንዳይንሸራተት ይጠነቀቃል።

«እጄ ጠፋብኝ እኮ፣» ይላል እጅጌውን እያራገበ። እውነትም ጣቶቹ አይታዩም።

«ሰፋ ይበል! ከሥሩ ሹራብ አለ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ አለ። ቾቄ ላይ በጋቢ የተወጣኸው ብርድ መሰለህ?»

«ትከሻውስ ለምን ክንዴ ላይ ወረደ?»

«ክንድህንም ይበርደዋል።»

ባለ ልባሽ ጨርቋ ጥሩነሽ ሸራዋ ላይ እንደተቀመጠች ትስቃለች። «ወንድሜ፣ ይሄ ካፖርት አንተን የሚያህል አንድ እንግዳ ይጨምራል።»

የቀረው የውሃው ፈተና ነው። ይስማው ከጥሩነሽ ጆግ ተቀብሎ፣ እንደ ጠበል አጥማቂ ከአናቱ ላይ ያንቆረቁርበታል። ውሃው ካፖርቱ ላይ እየተንከባለለ መሬት ይወርዳል። አንዲት ጠብታ አልገባችም።

«እግዜር ይማርህ!» ይላል አንድ አላፊ። ተራው በሳቅ ይሞላል፤ ድረስም አብሮ ይስቃል።

ይስማው ስልኩን አውጥቶ ያነጣጥርበታል። ድረስ ፎቶ መስሎት ደረቱን ይነፋል። ስልኩ ግን ይናገራል።

«ኧረ ቆንጆ ነው ይስሜ! እጅጌው ይደርስልኛል ግን?»

ድረስ ድምፁን ያውቀዋል። ምናለ ነው፤ የይስማው ሚስት የወንጌላዊት ወንድም። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ የሚያህል፣ ከዓሣ ጋር ያለው ትውውቅ ግን ከሳህን የማያልፍ ሰው።

ይስማው ሊዘጋው ይጣደፋል። ጣቱ ስቶ ድምፁን ይጨምረዋል።

«ድረስንም አመስግንልኝ! እሱ ባይለብስልኝ ኖሮ…»

ተዘጋ። ውሃ የማያስገባ ልብስ ውሃ እንደማያስወጣም ድረስ አሁን ይገባዋል፤ ላቡ ከውስጥ እየቀዘቀዘ ገላው ላይ ተጣብቋል።

«እኔና አንተ ነን አላልከኝም?»

«ብዬህ ነበር።»

«እና?»

«ድሬ፣ ሰው መሃል አታድርገው። ወንድሟ ነው። ወንጌላዊት መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። አንተ መቼም ትረዳኛለህ፤ ሚዜዬ አይደለህ?»

ሚዜ። በሠርጉ ዕለት፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ለወንጌላዊት ወንድም ሊሆናት የማለው ድረስ ነው። ብትታመም ሊያስታምማት፣ ባሏ ቢበድላት ሊገላግላት። «ጮክ ብለህ ማል፣ አልተሰማም!» እያለ ያስማለውም ሌላ ማንም ሳይሆን ይስማው ነበር። የሚገላግል ወንድም ሲፈለግ መሐላ ይበቃል፤ ለፊንላንድ ግን ሥጋና ደም ይጠየቃል።

«እኔስ ወንድሟ አይደለሁም?»

«ነህ እንጂ! ብቻ… ያው፣ የእናቷ ልጅ አይደለህም።»

«ለልኩስ ለምን እሱ ራሱ አልመጣም?»

«ሥራ በዝቶበት ነዋ። አንተ ደግሞ የኩሬውን ውሃ የምትለውጠው ማታ ነው፤ ቀኑን ምን ትሠራለህ ብዬ ነው።» ይስማው ፊቱን ወደ ጥሩነሽ ያዞራል። «በይ እህቴ፣ መጨረሻውን ንገሪኝ።»

ጥሩነሽ አሁን አትስቅም። «ላንተ ዋጋ አልናገርም። ልብሱ እሱ ገላ ላይ ነው። እሱ አልፈልግም ብሎ ሳያወልቅ ከሌላ ብደራደር፣ ይሄ ተራ ነገ ያስቀምጠኛል?»

የተራው ሕግ ነው፤ አንዱ የያዘውን ዕቃ ሌላው አይሻማም። ጎረቤቶቿ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዓይን ሁሉ ድረስ ላይ ያርፋል።

«በላ፣ አልፈልግም በላት፣» ይላል ይስማው።

ድረስ እጁን ከረጅሙ እጅጌ ፈልጎ ያወጣል። ዚፑን ይነካል። ከዚያ እጁን በካፖርቱ ሥር ሰዶ፣ ለጓንትና ለቦት ጫማ ብሎ ያጠራቀመውን ብር ከሱሪ ኪሱ አውጥቶ ለጥሩነሽ ይዘረጋላታል። ጥሩነሽ ቆጥራ «ይበቃል» ትልና ትመርቀዋለች።

«አብደሃል እንዴ? በዚህ ቁመት ሌላ የለም እኮ! ምናለ ምን ለብሶ ይሂድ?»

ድረስ መንገድ ጀምሯል። የካፖርቱ ጫፍ ጉልበቱን እየመታው፣ ሽንኩርት ነጋዴዎች መንገድ እየለቀቁለት፣ ዳገቱን ይወጣል። ይስማው ለካፖርቱ መያዣ ያመጣውን ባዶ ፌስታል አንጠልጥሎ ከኋላው ይሮጣል።

«ቆይ፣ አንተ! የማትሄድበትን አገር ካፖርት ምን ልታደርገው ነው?»

«ላንተ አልናገርም፣» ይላል ድረስ።