አንድ ብልቃጥ ቤንዚን

ቤንዚን እንደ ሽቶ በብልቃጥ መሸጥ ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሽማግሌው መኩሪያ ለጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን አንዲት ብልቃጥ በስንት መከራ አገኘና፣ ዓይኗን ያጣችውን ሚስቱን አስካለን ደግፎ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከታሰረችው ጀልባቸው ላይ አስቀመጣት። ብልቃጧ መቶ ሜትር እንኳ አታስኬድም፤ ሞተሩን ለማስጮህ ግን ትበቃለች። ገመዱን ሳይፈታ አስነሳው።

«ጉማሬዎቹ ጋ ደረስን?» አለችው።

«ደረስን እንጂ! ሦስት ናቸው፤ አንዷ ልጇን አስከትላለች።»

አስካለ ፈገግ ብላ፣ እንደ ድሮ ልማዷ፣ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። መኩሪያ ክው አለ። ጀልባዋ ስትሄድ ውሃው በጣቶቿ መሀል ይሮጥ ነበር፤ አሁን ዝም ብሎ ተኝቷል።

እጇን ቀስ ብላ አወጣችና በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።

«በቃ እንመለስ መኩዬ» አለችው፤ «በጣም ራቅን።»