«አልሮጠም» የሚለው ሳጥን

«ሁለት ደቂቃ ቀረህ፣ በርታ የኔ ወንድም» ትላለች ሲስተር ሰዓቷን እያየች። አፍንጫዬ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ካልሲ በመቆንጠጫ ተይዟል። በአፌ ደረቅ አየር እየማግኩ የመሮጫ ማሽኑ ላይ ስድስት ደቂቃ ሮጥኩ፤ ከቆምኩበት ግን ንቅንቅ አላልኩም።

የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ስሮጥ አስም የሚነሳብኝ የስፖርት አስተማሪ። ተማሪዎቼ «ፊሽካው» ይሉኛል። ፊሽካ አንገቴ ላይ ስለማንጠለጥል እንዳይመስላችሁ፤ ደረቴ ነው የሚያፏጨው። ባለፈው ሜዳ መሃል ቁጭ ብዬ ስቀር ርዕሰ መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ቤተ መጻሕፍት ብናዛውርህስ?» አለኝ። ለአስም የሚስማማ አቧራ አለ እዚያ።

አዲስ የአስም ክኒን ሊሞከር ነው ሲባል ቀድሜ የተመዘገብኩት ለዚህ ነው። ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ደረቴ ካለፈ የዓመት ክኒን ይሰጠኛል፣ ከወደቀ መጻሕፍቱ ይጠብቁኛል።

ማሽኑ ይቆማል። ትንፋሽ የሚለካው ቱቦ ውስጥ እነፋለሁ። አምስት ደቂቃ ቆይቼ እደግማለሁ፣ አስር ላይ እደግማለሁ። ቁጥሩ አይወርድም፤ ደረቴ አልተዘጋም።

ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ እጁን ያፋትጋል። «ሠራ በለኛ። በል ለአለቆቼ ልደውል» ብሎ በመስታወት የተከለለች ቢሮው ውስጥ ይገባል።

እግሬ ግን አላርፍ ብሏል፤ ማሽኑ የቆመ አልመሰለውም።

«የመጨረሻ ጥያቄ» ትላለች ሲስተር ቅጹ ላይ አቀርቅራ። «ለወጉ ነው። ከፈተናው በፊት በነበሩት አራት ሰዓታት አልሮጥክም አይደል?» እስክሪብቶዋ «አልሮጠም» የሚለው ሳጥን ጋ ደርሷል።

ጠዋት ክኒኑን ዋጥኩ፣ ታክሲ አጣሁ፣ እንዳይረፍድብኝ ሮጥኩ። እዚሁ ሕንጻ ደረጃ ላይ ደረቴ ተዘጋ። ሽንት ቤት ገብቼ፣ የእጅ መታጠቢያውን ተደግፌ፣ እስኪለቀኝ ጠበቅኩ። አንዴ ተነስቶ የለቀቀ አስም ለጥቂት ሰዓት ቢሮጡም ላይመለስ እንደሚችል የነገረችኝ ራሷ ሲስተር ናት፤ የመጀመሪያው ቀን፣ ጣቷን ቀስራ።

«አልሮጥኩም» አንዲት ቃል ብቻ ናት። ዓመቱን ሙሉ ክኒን እውጣለሁ፣ ዶክተሩ ይሾማል፣ ሲስተርም በጊዜ ቤቷ ትገባለች። ነገ ግን ከአርባ ልጆች ጋር ሜዳ እወጣለሁ፤ ደረቴ ደግሞ ወረቀት ማንበብ አይችልም።

«ሮጫለሁ» እላለሁ። «ክኒኑን ውጬም ደረጃው ላይ ተነስቶብኝ ነበር።»

ሲስተር ቀና ትላለች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግኩህ?»

ተነስታ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መስታወቱን ትቆረቁራለች። ዶክተሩ ስልኩ ላይ እየሳቀ ነው። ሳይዞር አንድ ጣቱን ያነሳል፦ ቆዩ።