ይርጋን ጥሩልኝ

«በይርጋ ታግዷል» ትለኛለች የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ማመልከቻዬን በመስታወቱ ቀዳዳ መልሳ እየገፋች።

«ይርጋ ማነው እኔን የሚያግደኝ?» እላለሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ፣ ቢያንስ ሺህ ነው፣ ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ። «ጥሩልኝ! ስንተኛ ፎቅ ነው ቢሮው? በሩን ቆልፎ ቢቀመጥም ግድ የለም። በዚህ ከተማ እኔ ያልከፈትኩት ቁልፍ ገና ከፋብሪካ አልወጣም።»

ሰልፉ ይስቃል። ሚስቴ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች።

«ሰባት ሰው ነው ያለው» ትላታለች ለሠራተኛዋ። «እሱ የሚለውን ለአሥር እያካፈልሽ ስሚው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት የኖርኩት እንደዚያ ነው።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ይርጋ ሰው አይደለም፣ ጋሼ። የክስ ጊዜ ገደብ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላዎት በኋላ ሦስት ዓመት ነበረዎት። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመት ዘግይተዋል።»

ዘገየህ ትለኛለች! በሃያ አንድ ዓመቴ እንኳን ለዳኛ ለትራሴም አልተነፈስኩም። ለዚህች ለሚስቴ የነገርኳት አምና ነው፤ ያውም ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የሰው ቁልፍ እየሞረድኩ። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ሲሉኝ ኖሬ፣ የእኔ ረግቶ ረግቶ ጊዜው አልፏል ተባለ።

«ደብዳቤው አለን እኮ!» ሚስቴ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ትለጥፈዋለች።

ያደግኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ልብስ አጣቢ ያኔ ለዳይሬክተሩ የጻፈችው ነው። የመኝታ ክፍሉ ኃላፊ ሕፃናቱ አልጋ ውስጥ ይገባል፣ አንሶላውን የማጥበው እኔ ነኝና አውቃለሁ፣ እባክዎ ያባርሩት፣ ቢያንስ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ይግባለት ትላለች። ቅጂውን ሣጥኗ ውስጥ ይዛው ኖራ፣ አምና ስትሞት ልጇ አመጣችልኝ። ግርጌው ላይ ዳይሬክተሩ ፈርሞበታል፤ «አይቼዋለሁ።»

አይቶታል! የመኝታ ክፍሉ ኃላፊ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እዚያው ሠራ። መቀርቀሪያ የምትባል አንዲት ብረትም አልገባችም።

ሠራተኛዋ ሁለቴ ታነበዋለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ጊዜ ነው የደረሰብዎት?» ትለኛለች።

«አንድ ሁለቴ ቢሆን ነው።»

ሚስቴ ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ አፏን ወደ ቀዳዳው ታስጠጋለች። «ይህችን እንዳታካፍያት፣ እህቴ። አብዢያት።»

ልጅቷ «ውድቅ» የሚለው ማኅተም ያለባትን ትንሽ የብረት ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ታወጣና ቁልፏን ትከታለች። ታዞራለች። እንደገና ታዞራለች።

«ነክሷል» ትላለች ቁልፉን ነቅላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። «እምቢ አለ።»

«ምነው ጉረኛው!» ይላል ከሰልፉ አንዱ። «ያልከፈትኩት የለም አላልክም? ክፈታ!»

ሚስቴ እንደገና ትቆነጥጠኛለች፤ ከቅድሙ የበለጠ። ግን ዕድሜ ልኬን እጄ ከራሴ ይቀድማል። ክንዴን በቀዳዳው አሾልኬ፣ ከኪሴ የማትለየዋን ቀጭን ሽቦ ሰድጃለሁ።

ሽቦዋ ስትገባ ጣቶቼ ይነግሩኛል። ቁልፉ አልነከሰም። ዘይት የጠጣ፣ እንደ ቅቤ የሚዞር፣ ደህና ቁልፍ ነው። ጣቶቼን ላቆማቸው ስል ቀጭ አለ፤ ክዳኑም ብድግ።

«ማኅተሙ ከሣጥኑ ባይወጣ ኖሮ» ትላለች ልጅቷ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «መዝገቡ ውድቅ ሳይባል ወደ ዳኛው ነበር የሚወጣው።»

ከኋላዬ ሰባቱም ሰዎች ያጨበጭቡልኛል።