አሥራ ሁለቱ ደቂቃ

ሂሻም ፊልሙን ያዋረደበትን ሰው ለማግኘት አራት ቀን ፈጀበት። የሩቅ ጠላት ሲፈልግ ሰንብቶ ያገኘው ሓበንን ነበር።

ሁለቱ ወልድያ ውስጥ ሠርግ እየቀረጹ የሚተዳደሩ ሸሪኮች ናቸው። ሂሻም ያዘጋጃል፤ ሓበን ካሜራ ይይዛል፣ ያቀናብራል። በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ካሜራቸውን መርሳ ወስደው ጭድ ውስጥ አብረው ቀብረዋል፣ አብረው አውጥተዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም።

ይኼኛው ፊልም ግን የሠርግ አልነበረም። ሂሻም ሦስት ዓመት ያሰበበት፣ ወሬ የማይበዛበት የጥበብ ፊልም ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ሴት ለካሜራው ጀርባዋን ሰጥታ፣ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ተዋናይት ስላልተገኘች ሂሻም ሚስቱን ሉብናን የእናቱን ሻል አልብሶ አስቀመጣትና ነገሩ በአንድ ጠዋት አለቀ። ፊቷ ስለማይታይ ስሟን መጨረሻ ላይ መጻፍ አላስፈለገም።

ፊልሙ ሲመረቅ ከተመልካቹ ግማሹ ተኛ፣ ግማሹ ወጣ። ሂሻም ይህን ቻለው። ረቂቅ ነገር ለሁሉም አይገባም ብሎ ተጽናና። ያልቻለው በማግስቱ ፌስቡክ ላይ የወጣውን ነው። የጸሐፊው ስም የለም፤ ገጹ «ቁጭ ብዬ አየሁት» ይባላል።

«አዘጋጁ ዝምታ የሚወደው ዝም የሚለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው» ይላል ጽሑፉ። «ሴትየዋን አሥራ ሁለት ደቂቃ ጎለታት እንጂ አንድ ቀን ምን ታስቢያለሽ አላላትም። መሐል ላይ ሳል ይዟት ነበር። ሳሏንም አስቆርጦ ጣለው። ከወንበሩ በምን ተሻለች?»

አገር ምድሩ ተቀባበለው። የሠርግ ደንበኞቹ ሳይቀሩ እየሳቁ አነበቡለት።

ሂሻምን ያንገበገበው ሳሉ ነው። በቀረጻው መሐል ሳል መሰማቱን ተመልካች በምን ያውቃል? ቁረጠው ያለው እሱ፣ የቆረጠው ሓበን። በሬ ካራጁ ይውላል የሚሉት እውነት ኖሯል።

ደውሎ ጠየቀው። ሓበን ብዙ ቆየና «እኔ አይደለሁም» አለ። ዝምታ ወዳዱ ሂሻም ያቺን ዝምታ አልወደዳትም።

ነገሩ መርሳ፣ የሂሻም አጎት ሼህ ጀብሪል ቤት ለሽምግልና ቀረበ። ሉብናም አብራ መጣች፤ የአጎት ቤት ነውና መቅረት አይሆንም። በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ሼህ ጀብሪል በመጀመሪያ ጽሑፉን አስነበቡ። ቀጥለው ፊልሙን አሳዩኝ አሉ። ሂሻም ላፕቶፑን ከፈተላቸው። አሥራ ሁለቱን ደቂቃ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጨረሱት። እንዲህ አድርጎ ያየለት ሰው አልነበረምና ሂሻም በዚያ ንዴቱ መሐል እንኳ ደስ አለው።

«ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?» አሉ።

«ምንም አልሆነችም፣ አጎቴ። ዝምታዋን እንዲያዩት ነው።»

«ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም። ምሳሌ ናት።»

«እሺ። ጽሑፉስ ውሸት አለበት?»

«ውሸት እንኳ የለበትም። ግን ፍርደ ገምድል ነው። ሦስት ዓመት የለፋሁበትን በአሥር መስመር ቀበረው።»

«ልጄ፣ የመረረ ሁሉ መርዝ አይደለም። እውነት ከሆነ በቃሉ ላይ አልፈርድም። እኔን የከነከነኝ መደበቁ ነው። ወዳጅህ ከሆነ ለምን ፊት ለፊት አልነገረህም?»

«እኔም የምለው ይኼንኑ ነው!» አለ ሂሻም። «ቢነግረኝ እሰማው ነበር። አንድ ማዕድ እየቆረስን እንዴት ጉድጓድ ይምስልኛል?»

«ስትቀርጹ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነበራችሁ?»

«ሁለት። እኔና እሱ። ወላሂ፣ ሌላ ሰው አልነበረም።»

ሼሁ ወደ ሓበን ዞሩ። «አንተም በእምነትህ ማል። እኔ አይደለሁም ብለህ ከማልክ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

ሓበን ወደ በሩ አየ። መውጣት የፈለገ ይመስል ነበር። «አይደለሁም ብያለሁ፣ አባቴ፤ መማሉን ግን ይተዉኝ። ብምል የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው።»

ሂሻም ይህን እንደ ዛቻ ቆጠረው። በአገሩ ደንብ ከመሐላ የሸሸ ተረታ ማለት ነው፤ ሼሁም ቅር እያላቸው ሽርክናው ይፍረስ ብለው ፈረዱ።

ሓበን አልተከራከረም። የካሜራውን ቦርሳ ከትከሻው አውርዶ ሂሻም እግር ሥር አስቀመጠ። «አብረን ነበር የቀበርነው» ብቻ አለ። ሉብና እግሯን ሰብስባ አሳለፈችው።

ወደ ወልድያ ሲመለሱ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ሂሻም ቦርሳውን ታቅፎ ጋቢና ተቀመጠ፤ ሉብና ከኋላ ቦታ አገኘች። ሲሪንቃን አለፉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከማን ጋር እንደኖረ አለማወቁ ከስድቡ ይልቅ አመመው።

«አየሽ አይደል የሰውን ነገር?» አላት አንገቱን ሳያዞር።

«አየሁ» አለች ሉብና።

ትንሽ እንደሄዱ ስልኩ ጮኸ። ሓበን ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎት ፈጥኖ ከፈተው። «ቁጭ ብዬ አየሁት» አዲስ ነገር ጽፏል፤ ገና አንድ ደቂቃ አልሞላውም።

«ዛሬ ሽማግሌ ፊት ‹ሁለት ነበርን› ብሎ ማለ። ሳሉ የኔ ነበር።»