ዳታውን የበላው ማን ነው?

በኢንተርኔት በቀጥታ የሚተላለፈውን የስልክ ካርታ ጨዋታ ፍጻሜ ልጅቷ የጀመረችው በንዴት ጦፋ ነው። ካሸነፈች የከተማው ሻምፒዮን ናት። ጠዋት ግን እናቷ፣ «በስልክም ሆነ በእጅ ካርታ ያው ቁማር ነው፤ አንቺ ልጅ ታዋርጂኛለሽ» ብላ አንጨርጭራታለች። አሁን ደግሞ ራሱን «ጅቦ» ብሎ የሰየመው ተጋጣሚዋ፣ «እሳትና ውሃ ቀላቅለሽ ለብ ያለ ውሃ ልታጠጪን ነው እንዴ?» እያለ ይጽፍላታል።

ቆይ ብቻ! እውነት ነው፣ ካርዶቿ ግማሹ እሳት፣ ግማሹ ውሃ ናቸው። ለየብቻ ዝንብ አይገድሉም። በአንድ ተራ ተከታትለው ከወረዱ ግን እንፋሎት ሆነው ጅቦን ከነአጥንቱ ይቀቅሉታል። ሁለቱም እጇ እስኪገቡ ስድቡን እየዋጠች ጠበቀች።

ገቡላት። እሳቱን ጣለች። ውሃውን ልትጥል ስትነካው ስክሪኑ ስታክ አደረገ። «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ሰከንዱ ቆጥሮ ቆጥሮ ዜሮ ገባ፤ ተራዋ አለፈ።

ኢንተርኔቱን የምትስበው ከእናቷ ስልክ ነው። ጠዋት የተሞላ ሁለት ጊጋ! ቁማር ነው ባይዋ የሰርግ ቪዲዮ ስታይበት ጨረሰችው ማለት ነው!

የመኝታ ቤቱን በር በርግዳ ገባች።

«እማዬ! ዳታውን ምን አደረግሽው? ዛሬስ አልምርሽም!»

እናቷ ቀና እንኳ አላለችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የልጇ ጨዋታ የቀጥታ ስርጭት ስታክ አድርጎ የቆመበትን ስልክ በመዳፏ እየመታች ትጮሃለች፦

«ውሃውን ልቀቂበት እንጂ የኔ አንበሳ! ምን ትጠብቂያለሽ?»