የኢያሱ ጥሎሽ

ሣህሌ ይህን ሲያወራ ዓመተ ምሕረቱን ሊስት እንደሚችል አስቀድሞ ይናገራል። በ1993 ይመስለዋል፤ ቦንጋ ሳይንስ እንዲያስተምር ከተመደበ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር።

አንድ እሑድ ጎረቤቱ ጋሽ ገሠሠ አስጠሩት። ቤታቸው ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የጋሽ ገሠሠን ልጅ ትሕትናን ኢያሱ ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ ከዋጫ የመጡ ናቸው። ወጉ ባይፈቅድም፣ ኢያሱ ለጥሎሽ ያመጣውን ድንጋይ ለሰው አምኜ አልሰጥም ብሎ ራሱም በሩ ሥር ቆሟል።

«ላም የለው፣ ቡና የለው» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ጥሎሹ ይህቺ ጠጠር ናት። አልማዝ ነው ይለኛል! እስቲ አንተ መርምራት።»

«እናቴ ከጎጀብ ወንዝ አሸዋ ያገኘቻት ናት» አለ ኢያሱ። «መንገድ ሊያጠና የመጣ እንግዳ ‹በዋዛ እንዳትሰጪ› ብሏታል። ሌላ የተወችልኝ የለም።»

ከጓዳው መጋረጃ ሥር የትሕትና እግር ይታያል።

ሣህሌ ለተማሪዎቹ ከወንዝ የለቀመውን፣ ኳርትዝ የሚባለውን ተራ ጠጠር ከቤቱ አምጥቶ ከድንጋዩ ጎን አስቀመጠ። ሁለቱም ጭጋግ የሸፈነው መስታወት ይመስላሉ። ሁለቱንም ቢላዋ አልጫራቸውም። ሁለቱም ጠርሙስ ጫሩ። ደብተሩ ላይ «ኳርትዝ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጻፈ። «ሳይሆን አይቀርም» የምትለዋ ቆረቆረችው።

«ቁርጡን ንገረን እንጂ፣ መምህር!»

«አንድ ፈተና ቀርቷል፣ ጋሼ። እውነተኛ አልማዝ በመዶሻ አይሰበርም።» ተማሪዎቹንም እንዲህ ብሎ ነበር የሚያስተምረው።

«አይመታም!» ኢያሱ ድንጋዩን አፈፍ አደረገ።

ጋሽ ገሠሠ ሳቁ። «አያችሁልኝ? እውነተኛ ከሆነ ምን አስፈራህ?»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ኢያሱ ወደ መጋረጃው አየ። ከዚያ እጁን ፈታ።

ሣህሌ በቅድሚያ የራሱን ጠጠር መታ። እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጎድጎድ እያለ ተፈረካከሰ። ቀጥሎ የኢያሱን መታ። በቢላዋ እንደተቆረጠ ሳሙና ልሙጥ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ።

«ኳርትዝ ነው» አለና «ሳይሆን አይቀርም» የምትለዋን ሰረዛት።

«በል፣ ጠጠርህን ልቀምና ውጣ!» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ለወንጭፍ እንኳ የማትሆን!» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳይቀር ሳቀ።

ኢያሱ ሳይለቅም ወጣ።

ጋሽ ገሠሠ ትሕትናን በጥር ለአንድ የሺሺንዳ ነጋዴ ዳሯት። በክረምቱ ኢያሱ የጎጀብን አሸዋ ሲበረብር ደራሽ ውሃ ወሰደው።

ሣህሌ ኋላ ከመጽሐፍ አረጋገጠ፤ አልማዝም በመዶሻ ይሰበራል፣ የሚሰበረውም እንደ ኳርትዝ ጎድጎድ እያለ ሳይሆን ልሙጥ ሆኖ ነው።